ከሮቃው ቅርንጫፍ የተፈታው ልጥ

«አንድ አዳኝ ነበረ» አሉ የኔታ ዕንባቆም፣ ጥያቄውን ከሰሙ በኋላ።

ጠያቂው እንየው የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ የኔታ ጧት ጧት ፀሐይ የሚሞቁበት ድንጋይ አለ። እዚያ መጥቶ ጉልበት ሳመና «ለአንድ ወዳጄ ብዬ ነው የምጠይቅዎት» ብሎ ጀመረ። «አጥር የሌለው፣ የማንም ርስት ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ነገር አለ እንበል። ሰው በዚያ ላይ እንደ ልቡ ቢያደርግ ኃጢአት ይሆንበታል ወይ? ማንን በደለ ይባላል?»

የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ለወዳጁ የሚጠይቅ ሰው ድምፁ እንዲህ እንደማይሰባበር ያውቃሉ። ቢሆንም «ማነው ወዳጅህ?» አላሉትም። እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ አዳኝ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ክፉ አድርጌ ብስልልህ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብለህ እንዳታመልጠኝ ነው። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ጎረቤት ሲታመም ይጠይቃል። የሚኖረው ደጋ ነው፤ የሚያድነው ግን ቆላ ወርዶ ነው። ዶሮ ሲጮኽ ከመንደሩ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ የሚደርስበት አንድ ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ያለው በረሃ የንጉሥም፣ የገዳምም፣ የባላባትም አይደለም። የወባው ንዳድ ሰው ስለማያስቀምጥ ማንም አርሶት አያውቅም። ጎሽ ግን ሞልቶበታል። የዙሪያው አዳኝ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው፤ መሻገሪያውም አንድ ነው።

ዳኛ በሌለበት በረሃ እንዴት ሳይጫረሱ ኖሩ ብትለኝ፣ ሥርዓት ነበራቸው። መሻገሪያው አፍ ላይ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ቆሟል። ወንዙን የሚሻገር አዳኝ ከቁጥቋጦ አንድ ልጥ ይልጣል። በውሃው ዳር ወዳለው ደንገል የሚገባ ከሆነ ልጡን በግራው ቅርንጫፍ ላይ ያስራል፤ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ከሆነ በቀኙ ላይ። ኋላ የደረሰ ሰው ቀና ብሎ ያያል። ግራው ከተያዘ ወደ ኮረብታው ይሄዳል፤ ሁለቱም ከተያዙ ቁጭ ብሎ ስንቁን ይበላና ወደ ቤቱ ይመለሳል። አድኖ የወጣ ሰው የገዛ ልጡን በገዛ እጁ ይፈታል። በሰው ልጥ ላይ እጁን ያሳረፈ ተሰምቶ አያውቅም።

ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረም። ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ፣ ውስጡ የሚንኮሻኮሸው ጎሽ ይሁን ሰው የሚታወቀው በዚያ ልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ «ልጥ ሳያስር የገባ ደሙ ካሳ የለውም» ይባል ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ቢገደል ገዳዩ አይጠየቅም፤ ቤተሰቡም አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ሌላም ደንብ ነበራቸው፤ ጎሹ የትም ይውደቅ፣ ማንም ይጨርሰው፣ ቆዳውና ጭራው ቀድሞ ደም ያፈሰሰው ሰው ነው።

ሰውዬው አጥር ለአጥር የሚገናኘው ጎረቤት ነበረው። ጎረቤቱም አዳኝ ነው፤ ያውም ዶሮ ቢቀድመው የሚያፍር ማለዳ ተነሺ። ሰውዬው ወንዙ ላይ በደረሰ ቁጥር ቀና ሲል የጎረቤቱ ልጥ ግራው ቅርንጫፍ ላይ ታስሮ ያገኘዋል። ጎሹ ያለው ደንገሉ ውስጥ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ሚዳቋ ነው፤ ሚዳቋ ገድሎ የሚፎክር ደግሞ የለም። «እሱስ ቀድሞ አይነሣም ነበር?» ትለኝ ይሆናል። አንድ ቀን ዶሮው ራሱ ሳይነቃ ተነሥቶ እየሮጠ ወረደ። የጎረቤቱ ልጥ ገና ከመላጡ እርጥበቱ ሳይደርቅ ጠበቀው።

ሦስት በጋ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው በጋ ኮረብታው ሥር ሆኖ ከደንገሉ ብቅ ያለ ጎሽ አገኘና ተኮሰ። ጎሹ ቆሰለ እንጂ አልወደቀም፤ ተመልሶ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ደንገሉ የዚያን ቀን የጎረቤቱ ስለሆነ ተከትሎ መግባት አልቻለም፤ አንጀቱ እያረረ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ጎረቤቱ የጎሹን ቆዳ በአህያ ጭኖ፣ ጭራውን በእጁ ይዞ ደጁ ድረስ መጣ።

«ደሙን ቀድመህ ያፈሰስህ አንተ ነህ። እኔ የጨረስሁልህ ብቻ ነኝ። እንኳን ደስ ያለህ» አለው።

ይኸ ምኑ ይከፋል? ሰውዬው ግን ከፋው። ቅናት የያዘው ሰው ስጦታ ሲሰጡት ስድብ ይሰማዋል። ጭራውን ምሰሶው ላይ ሰቀለው። እንግዳ መጥቶ «ግዳይህ ነው?» ሲለው «አዎ» ይላል፤ ጎረቤቱ በዚያ ካለ ግን ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረዋል። ጎረቤቱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ «የጨረስሁት እኔ ነኝ» ብሎ አያውቅም። ቢል ለሰውዬው ይሻለው ነበር። በአንድ ሰርግ ላይ አንድ አፈኛ ጠጪ ተነሥቶ «ጎሽ በውክልና የሚገድል ጀግና እናንተ ዘንድ አየሁ!» ብሎ ዳሱን ሁሉ አሳቀበት። ጎረቤቱ ብቻ አልሳቀም። እሱ አለመሳቁ ከሁሉ በላይ አቃጠለው።

ከሰርጉ ሲመለስ እኅቱ ቤት ጎራ አለ። እኅቱ ምግብ ብታቀርብለት አልነካም፤ እሷም ፊቱን ልብ ብላ አየችው። ባሏም አዳኝ ነው፤ ጸጥተኛ፣ ጠንቃቃ፣ ሰው የማይጎዳ። ሰውዬው «ነገ ወደ ቆላ እወርዳለሁ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ወንዙ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ሮቃው ሥር ደርሶ ቀና አለ። ግራው ቅርንጫፍ ላይ ልጥ ታስሯል። ቢዳስሰው እርጥብ ነው።

«ደግሞ የማን አባት ርስት ነው!» አለ ጮክ ብሎ። ሰሚ አልነበረም። «በረሃውን የፈጠረው እግዜር፣ ጎሹን የፈጠረው እግዜር። እኔን አንድ ብጣሽ ልጥ ያግደኝ?»

እጁን ሰደደና ቋጠሮውን ያዘ። ጎረቤቱ አጥብቆ ነበርና ያሰረው ቶሎ አልፈታ አለው፤ በጥፍሩም በጥርሱም ታገለው። ለመተው ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያብሰለሰለው ይህንን ነው። ፈታና ልጡን ወንዙ ላይ ጣለው፤ ውሃው ይዞት ሄደ።

የራሱን ልጥ አላሰረም። ቢያስር ጎረቤቱ ሲወጣ በገዛ ልጡ ቦታ የሌላ ያገኛል፤ ነገሩም ይታወቃል። ባዶውን ቢያገኘው ግን «ዝንጀሮ ፈትቶት ይሆናል» ይላል። ሮቃ የሚለቅሙ ዝንጀሮዎች እዚያ አይጠፉም። ሰበቡን ሳይቀር ሰንቆ ነበር እልሃለሁ! ጎረቤቱን ሊጎዳው አላሰበም። «እሱ ውስጥ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ አይቼ እተኩሳለሁ» ብሎ በላይ በኩል ዞሮ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ሁለት ሰው ቆጠረ፤ ለሁለት ሰው ተጠነቀቀ። ሦስተኛ ሰው አልቆጠረም።

ሦስተኛው የእኅቱ ባል ነበር። የዚያን ቀን አጨዳ ነበረበት። ሚስቱ ግን «አጨዳው ለነገ ይደር። ወንድሜ ትናንት ፊቱ ደስ አላለኝም፤ ወርደህ አብረኸው ሁን። ዕድሉ ቢቃና አንተም ደስ ይልሃል» ብላ ላከችው። ወንዙ ላይ ደረሰ። ቀና ብሎ ግራውን አየ፤ ባዶ ነው። ቀኙን አየ፤ ባዶ ነው። ጠንቃቃ ሰው ነውና ዞር ብሎ ሁለተኛ አየ። ከዚያ «ወንድሟ ገና አልደረሰም» ብሎ ልጥ ልጦ በግራው ቅርንጫፍ ላይ አሰረና ገባ። ያጠፋው አንዳች ነገር የለም።

ሰውዬው በላይኛው ጫፍ አድፍጦ ሳለ ተኩስ ሰማ። «ዛሬም ቀደመኝ!» ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። ጎሽ የጣለ አዳኝ እዚያው ቆሞ ይፎክራል፤ ወጉ ነው። ፉከራው እስኪመጣ ጠበቀ። የመጣው ግን ጩኸት ነው፣ የትልቅ ሰው ጩኸት፣ እናቱን እንደሚጠራ ሰው። ደንገሉን እየጣሰ ሮጠ።

የእኅቱ ባል ጭቃው ላይ ተቀምጧል። የጎረቤቱ ራስ ጭኑ ላይ ነው። ጎረቤቱ ጠቆር ያለ ባናውን እንደ ተከናነበ የጎሽ ኮቴ ሊያይ ጎንበስ ባለበት ነበር ጥይት ያገኘው። ሰውዬው ሲደርስ ነፍሱ ወጥታለች።

«ተናገረኝ» አለ የእኅቱ ባል። «ከመሞቱ በፊት ተናገረኝ። "ልጤን አስሬ ነበር እኮ" አለኝ። አልነበረም! ወንድምዓለም፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። አንተስ? ስትመጣ አይተሃል? ነበረ ወይ?»

እንየው፣ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ሲጸልይ ሲሰግድ ኖሮ በአንድ ቃል የሚመዘንበት ሰዓት አለ። «እኔ ፈታሁት» የሚለው ቃል የሰውዬው ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ቢናገረው ይህ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ሰው ይድናል፤ ሟቹም በክብር ይቀበራል። ደሙን አየና ፈራ።

«አልነበረም» አለ። «እኔ ገና አሁን ነው የደረስሁ። ያንተን ልጥ ብቻ ነው ያየሁ።»

ያንንም ቢሆን አላየም። የእኅቱ ባል ሳያስር እንደማይገባ ስለሚያውቅ ነው የገመተው።

ሽማግሌዎች ወረዱ። ግራው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ልጥ አገኙ፤ የገዳዩን። ከዚያም ወደ መንደር ተመልሰው፣ ቄሱ መስቀል ይዘው፣ ምስክር ጠሩ። ምስክሩ አንድ ሰው ብቻ ነው። ገና አፉን ሳይከፍት የሟች ሚስት ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«ባሌ ልጥ ሳያስር ወርዶ አያውቅም» አለች። «ልጆቹን መቀነት ማሰር ሳያስተምር ልጥ ማሰር ያስተማረ ሰው ነው። አንተ ጎረቤቴ፣ ታውቀዋለህ። ሦስት በጋ ሙሉ ከኋላው ስትደርስ ልጡን ታስሮ ያላገኘኸው ቀን ነበረ? እስቲ ዛሬ ለሞተ ሰው ብለህ ተናገር!»

ሰውዬው መስቀሉን ስሞ ማለ። «ሌላ ልጥ አልነበረም» አለ።

ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ ፈረዱ። ሟቹ ሳያስር ገብቷል፤ ደሙ ካሳ የለውም፤ ገዳዩ ንጹሕ ነው። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልጆቿን ሰብስባ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ልጆች ከእሷ ልጆች ጋር ሲጣሉ «ልጥ አልባ! የልጥ አልባ ልጅ!» ይሏቸው ጀመር። ሰውዬው ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ይሰማል። ስሙን ያወጣላቸው እሱ መሆኑን ማንም አያውቅም።

ለራሱ የሚነግረው ነገር ግን አላጣም። «ብናገር የሞተው አይነሣ። የእኅቴ ባል እንደሆነ ነፃ ወጥቷል። ዝም ማለቴ ማንን ጎዳ?» ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ሰምቷልና ጠላ መቅመስ ተወ፤ ሰዎቹም «በጎረቤቱ ሐዘን መጠጥ ተወ» ብለው አከበሩት።

ነፃ የወጣው ሰውስ? የሟቹ ቃል ጆሮው ላይ ቀረ። የሚሞት ሰው አይዋሽም። ልጡ ታስሮ ከነበረ፣ እሱም ካላየው፣ ዓይኑ ጠፍቷል ማለት ነው። ሌላ መንገድ አጣለት። በጠራራ ፀሐይ እየተደናበረ በዘንግ መሄድ ጀመረ። ጠመንጃውን ሰቀለ፤ እርሻውንም ተወ።

እኅቱ ወደ ወንድሟ መጣች። «ወንድሜ፣ መርፌ ስሰጠው ክር ያገባል፤ እንዲያም ሆኖ ዓይኔ ጠፋ ይለኛል። ጠበል ወስጄው ነበር፤ ምንም አልለወጠ። አንተን ይሰማሃል። እባክህ ዓይንህ ደኅና ነው በለው።»

ሄደ። «ዓይንህ ደኅና ነው» አለው።

«በምን ታውቃለህ?» አለው የእኅቱ ባል።

በምን እንደሚያውቅ ሊነግረው አልቻለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች መድኃኒቱ፤ በደጁ ይዟት ቆሞ መልሶ ይዟት ወጣ። እኅቱ አጥሩ ድረስ ሸኝታ ትከሻውን ሳመችው፤ አመሰገነችው።

ከዚያ በኋላ የእኅቱ ባል ያለ ጠመንጃ ብቻውን ወደ ወንዙ ይወርድ ጀመር። ሮቃው ሥር ቆሞ ቅርንጫፎቹን ያያል። ልጥ ካለ «አለ» ይላል፤ ከሌለ «የለም» ይላል፤ ዞሮ እንደገና ያያል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ንዳዱ በሚበረታበት ወራት፣ ወርዶ ሳይመለስ ዋለ። ከዛፉ ሥር ወድቆ አገኙት፤ በቃሬዛ አወጡት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እኅቱ እንዴት አድርጋ እንዳለቀሰች አልነግርህም።

አገሩስ? አዳኞቹ ቁጭ ብለው ያወሩ ነበር። «ያ ማለዳ ተነሺው ሳያስር ከገባ ማን ያስራል? ወይስ ዝንጀሮ ይፈታል?» አሉ። ቅርንጫፉ ባዶ ቢሆን ማመን ቀረ። ልጥ ቢኖርም «ማን አሰረው፣ መቼ አሰረው» ማለት መጣ። አንዳንዱ ከፉክክር የተነሣ ሁለቱንም ቅርንጫፍ አስሮ ቤቱ ይተኛ ጀመር፤ አንዳንዱ የሰውን ፈትቶ ይገባል። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አራት ሰው ደንገሉ ውስጥ ሞተ፤ ሁለቱ ወንድማማች ነበሩ። በመጨረሻ የሚወርድ ጠፋ። አሁን መንገዱ ሣር በቅሎበታል፤ ጎሹ እስከ መሻገሪያው ወጥቶ ይግጣል አሉ።

ሰውዬው ያን ጊዜ አልቻለም። ሁለት ዓመት የተሸከመውን ይዞ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ጎረቤቱ ሚስት ነው። ምስር ትለቅም ነበር። መሬት ላይ ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት፣ ቋጠሮው ጥብቅ እንደነበረ ሳይቀር።

እጇን አላቆመችም። «ባሌ ማሰሩንማ አውቅ ነበር» አለች። «አንተ መሆንህን ነው ያላወቅሁ። ለእኔ ምን ልትነግረኝ መጣህ? እኔ መቼ ተጠራጠርሁት? ያላመኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ልጆቼን በስማቸው የማይጠራው መንደሩ ነው። ሂድ ለእነሱ ንገር።»

ሄደ። እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት፣ መካከል ገብቶ ቆመ። «ልጡን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሟቹ አስሯል። እኔ በሐሰት መሰከርሁ» አለ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሡ፤ መጥተው ግንባሩን ሳሙት።

«ልጄ» አሉት፣ «የእኅትህ እንባ አንጀትህን በልቶታል። የሞተውንም የገደለውንም ነፃ ላውጣ ብለህ ጥፋቱን በራስህ ላይ ትጭናለህ። ደግ ልብ ነው፤ እግዚአብሔር ይይልህ። እኛ ግን በመስቀል ምለህ የነገርኸንን ነው የምናውቅ። አንተን የመሰለ ሰው በመስቀል ምሎ ይዋሻል?»

«ዋሽቻለሁ!» አለ። «በመስቀል ምዬ ዋሽቻለሁ!»

«በቃህ፣ በቃህ፤ ራስህን አትጉዳ» አሉት።

ጮኸ። ልብሱን ቀደደ። ግራና ቀኝ ደግፈው ቤቱ አድርሰው አስተኙት፤ ልቡ እንዲረጋም ጸሎት አደረጉለት። ከዚያ ወዲህ በየድግሱ «ለሰው ጥፋት ራሱን የሰጠ» እያሉ ከላይ ያስቀምጡት ነበር። የሟቹ ልጆች «ልጥ አልባ» እንደተባሉ አደጉና አገር ጥለው ሄዱ፤ እናታቸውም ተከተለቻቸው። ሰውዬው ባዶውን ቤት በአጥሩ ቀዳዳ እያየ አረጀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትላላችሁ። ልክ ነው፤ የሚናገረውን አፍ ቀድመው ካልሸጡት።

የኔታ እዚህ ላይ አቆሙ። እንየው አቀርቅሮ በጣቱ መሬቱን ይጭር ነበር። ወደ እሱ ዞሩ።

«አሁን ወደ ወዳጅህ እንምጣ» አሉት። «እስከ መስቀል ከብት እንዳይነካው የተማማላችሁበት የወል ሣር አለ አይደል? ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ተረኛው ጠባቂ በዚያኛው ጫፍ ሲዞር፣ በዚህኛው ጫፍ ሁለት ጥማድ በሬ መግባቱን ኮቴው ተናግሯል አሉ። ማንን በደለ አልኸኝ። ሮብ ዕለት ሃያ ከብት ገባ። ትናንት ያልነዳ ቤት የለም፤ የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ብሎ ሁሉም ነዳ። ዛሬ እዚያ የቀረው ጭቃ ነው። አጥር የለውም ትላለህ። አጥርማ ነበረው፤ አንዱ ሌላውን አፍሮ መቆሙ ነበር አጥሩ። ወዳጅህ ለራሱ በሬዎች መግቢያ ያህል ከፈተ፤ ከኋላው የሚመጣውን አልቆጠረም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!»

«የኔታ…» አለ እንየው።

«ቆይ፣ አልጨረስሁም። ለወዳጅህ የምትነግረው ይኸን ብቻ ቢሆን ባልደከምሁ። ጠባቂው ተኝቶ ከብት አስገባ ተብሎ እሑድ ይዳኛል። ሚስቱ ትናንት እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች። አልተኛሁም እያለ ይምላል፤ የሚሰማው የለም። አሁንማ እሱ ራሱ "ምናልባት አሸልቦኝ ይሆን?" ማለት ጀምሯል አለችኝ። ገባህ? ከዚህ በኋላ በዘንግ መሄድ ነው የሚቀረው። ሽማግሌዎቹ እሑድ መስቀል አስይዘው ያየ የሰማ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ወዳጅህም እዚያው ይቀመጣል፤ የጠባቂው ጎረቤት ነውና ይጠይቁታል። አላየሁም ካለ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት መጥቶ ልብሱን ቢቀድድ፣ ግንባሩን ስመው ቤቱ ያደርሱታል።»

በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሉት። «ሂድና ለወዳጅህ ንገረው፤ ሰው የሚያምንህ እስከ እሑድ ድረስ ነው በለው።»